ሳሎኑን አይቶ ጓዳውን ያላየ እንግዳ

ከአውሮፓ ከተሞች መልስ የሚጻፈውና የሚወራው የጉብኝት ማስታወሻ ሁሉ ከአንድ እናት የተወለደ ይመስላል። መንገደኛው በክረምት ወር ይደርሳል፤ በዚያ የሚኖር ወዳጁ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቶ ይቀበለዋል፤ ትርፍ ካፖርቱን አውልቆ ያለብሰዋል፤ ከማግስቱም ጀምሮ ካቴድራሉን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ኦፔራ ቤቱን፣ የገና ገበያውን ያዞረዋል። በረዶው በየጣሪያው ላይ ተነጥፏል፤ መብራቱ ይንቦገቦጋል፤ ቡናው በብር ትሪ ከብርጭቆ ውኃ ጋር ይቀርባል። መንገደኛው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ራሱም ይነሣል፤ ወደ አገሩ ተመልሶም «አየሁ» ይላል። ምን አየ? ጥያቄው ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ጎብኚ ያየው ከተማውን ሳይሆን የከተማውን ሳሎን ነው። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የወዳጁም ነው። ወዳጅ እንግዳውን ለማክበር ሲል ሳሎኑን ይጠርጋል፤ ጓዳውን ይዘጋል። እንግዳው በበኩሉ ባለቤቱን ላለማሳፈር ሲል ስለ ተዘጋው በር አይጠይቅም። ይሉኝታ በሁለቱ መካከል እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንድን ከተማ ሳምንት ሙሉ አብረው ሲዞሩ ሰንብተው ከተማውን ሳያዩት ይለያያሉ። ነገሩ የሁለት ሰዎች የግል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለክርክር ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ጎብኚው መምህር ከሆነ ያየውን ለተማሪዎቹ ያስተምራል፤ ካድሬ ከሆነ በስብሰባ ላይ ይናገራል፤ የኪነጥበብ ሰው ከሆነም በድርሰቱ፣ በሸራው፣ በመድረኩ ያሰፍረዋል። በዚህ ዓይነት የአንድ ሰው ግማሽ ዕይታ የብዙ ሺህ ሰዎች ሙሉ እምነት ይሆናል።

ለዚህ ክርክር ቪየናን በምሳሌነት መውሰድ ይበጃል። ሳሎኑን በማስጌጥ ረገድ የዚህን ከተማ ያህል የተካነ ጥቂት ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ወቅቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ክረምት» ሲባል ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዘርና የሞላ ወንዝ ማለት ነው። ክረምት ይፈራል፤ ይናፈቃልም፤ መስከረምን በሆዱ ይዟልና። የመካከለኛው አውሮፓ ክረምት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ዛፉ ይራቆታል፤ መሬቱ ይደርቃል፤ ብርዱ በጫማ ሶል ዘልቆ አጥንት ይነካል። በበጋ ድኻውም ባለጸጋውም በአንድ አደባባይ ይቀመጣሉ፤ በአንድ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከዳር ሆኖ የሚመለከታቸው እንግዳ ማን ቤት እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ላይለይ ይችላል። ብርዱ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሰው «የት ትገባለህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። አንዱ ወደ ሞቀ አዳራሽ ይገባል፤ ሌላው ወደ ጠበበች ክፍል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ባቡር ጣቢያ መተላለፊያ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ከተማ ያባውንም ብርድ ያወጣዋል። እንግዲህ ከተማን ለማወቅ ከክረምት የተሻለ ወቅት የለም። የሚያሳዝነው ግን ጎብኚው ይህን ወቅት ካገኘ በኋላ በመብራት ፍዝዝ ብሎ የሚያሳልፈው መሆኑ ነው።

ወዳጅ እንግዳውን አስቀድሞ የሚወስደው ወደ ሪንግሽትራሰ ነው፤ ወደ ቀለበታዊው ጎዳና። ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የከተማው አሮጌ ቅጥር እንዲፈርስ በታኅሣሥ 1857 አዘዘ፤ ጎዳናው በግንቦት 1 ቀን 1865 ተመረቀ። ከአምስት ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በዚህ መንገድ ላይ ኦፔራው፣ ፓርላማው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ቡርግቴያትር የተባለው ቴአትር ቤት፣ ቤተ መዘክሮቹና የባለ ባንኮቹ መኖሪያዎች ተደረደሩ። አስጎብኚው ወዳጅ የሕንፃውን ስልት ይዘረዝራል፤ ይህ የግሪክን፣ ያ የጎቲክን፣ ያኛው ደግሞ የህዳሴ ዘመንን ፈለግ የተከተለ ነው ይላል። እንግዳው አንገቱን እስኪያመው ሽቅብ ይመለከታል። አንዱ የማይናገረው፣ ሌላው የማይጠይቀው ነገር ግን አለ። በእነዚያ የድንጋይ ጌጦች ሥር ያለው ጡብ ነው። ጡቡ ከየት መጣ? ማን አበጀው?

ጡቡ የመጣው ከከተማው በስተደቡብ ካለው ከቪነርበርግ ነው። ያበጁት ደግሞ አብዛኞቹ ከቦሄሚያና ከሞራቪያ የመጡ ቼኮች ነበሩ። ሐኪሙ ቪክቶር አድለር በ1888 መጨረሻ በድብቅ ወደ ጡብ ሠራተኞቹ ሠፈር ገባ፤ ያየውንም «እኩልነት» በተባለው ጋዜጣው ላይ አወጣው። ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን የሚያገኙት በገንዘብ ሳይሆን በቆርቆሮ ምልክት ነበር፤ ምልክቱም ከኩባንያው ቅጥር ግቢ ውጭ አይሠራም። ስለዚህ ሠራተኛው ላቡን ያፈሰሰበትን ዋጋ ለዚያው ለአሠሪው ምግብ ቤት፣ በውድ ዋጋ፣ መልሶ ያስረክብ ነበር። ይህ አሠራር በዚያን ጊዜም ቢሆን በሕግ የተከለከለ ነበር። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ በአንድ መኝታ አዳራሽ ታጭቀው ያድሩ ነበር። የቪየናን ቤተ መንግሥቶች ያቆሙ እጆች የራሳቸው በር አልነበራቸውም። «የት ትገባለህ?» የሚለው የክረምት ጥያቄ በእነርሱ ላይ እንዴት እንደከበደ ለመገመት አያዳግትም።

ከጡብ ሠራተኞቹ ሠፈር ወደ ከተማው ውስጥ ሲገባም የተለየ ነገር አይገኝም። የቪየና ሕዝብ በ1910 ሁለት ሚሊዮን አልፎ ነበር። በሠራተኛ ሠፈሮች የነበሩት የኪራይ ቤቶች ከመንገድ ሲታዩ ፊታቸው የተሸለመ ነው፤ በውስጣቸው ግን የውኃ ቧንቧው በደረጃው መተላለፊያ ላይ የቆመ፣ መጸዳጃውም የጋራ ነበር። የአንድ ፎቅ ሴቶች ሁሉ እንስራቸውን ይዘው በዚያች አንዲት ቧንቧ ዙሪያ ይሰለፉ ነበር። ከዚህም በታች የወረደ ኑሮ ነበር። ክፍል መከራየት የማይችለው ሠራተኛ አልጋ ይከራያል፤ አልጋውንም ቢሆን የሚከራየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ከሥራ ሲመለስ የቀን ሠራተኛው ገና ከተነሣበት ፍራሽ ላይ ይወድቃል። አልጋም የሌለው በፍሳሽ ቦዮች ውስጥ ያድራል፤ በክረምት ከላይ ካለው መንገድ ይልቅ ከታች ያለው ቦይ ይሞቃልና። ጋዜጠኛው ኤሚል ክሌገርና ፎቶግራፍ አንሺው ሄርማን ድራቨ ወደዚያ ወርደው ያዩትን በሥዕል አስደግፈው ለሕዝብ አሳዩ፤ በ1908ም በመጽሐፍ አወጡት። እነዚህ ሁለት ሰዎች የገዛ ከተማቸው እውነተኛ ጎብኚዎች ነበሩ። መሰላሉ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እንደሚወስድ ያውቁ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ በቅንነት ሊመለሱ ይገባል።

አንደኛው ተቃውሞ የውበት ወዳጆች የሚሉት ነው። «ጥበብ ጥበብ ነው። ሙዚቃ ለመስማት የጡብ ሠሪውን የደመወዝ መዝገብ ማገላበጥ ምን ይፈይዳል? ይህ ደስታን የሚነሣ ንዝንዝ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ሙዚቃው አይሰማ፣ ሕንፃውም አይደነቅ ያለ የለም። የተባለው ግማሹ ብቻ አይሰማ ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት ጉባኤ ሰሙን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ደስታው በዛለት አይባልም፤ ጎደለበት እንጂ። ወርቁን የፈለገ ሰው የሰሙን ጣዕም አላበላሸም፤ ሙሉውን ቅኔ ተቀበለ እንጂ። ከተማም እንዲሁ ሰምና ወርቅ አለው።

ለዚህ አንድ ማስረጃ እነሆ። በየዓመቱ በጥር 1 ቀን ከቪየና የሚተላለፈውና በመላው ዓለም የሚታየው የአዲስ ዓመት ኮንሰርት የክረምቱ ጉብኝት ዘውድ ተብሎ ይቆጠራል። ወርቅ ቅቡ አዳራሽ፣ አበባው፣ የሽትራውስ ቫልስ ሁሉ ያምራል። የዚህ ኮንሰርት የመጀመሪያው ግን የቀረበው በታኅሣሥ 31 ቀን 1939፣ ኦስትሪያ በሂትለር መንግሥት ተውጣ፣ ጦርነቱም ተጀምሮ ሳለ ነበር። ኦርኬስትራውን የመራው ክሌመንስ ክራውስ ነበር፤ ገቢው የተሰጠው ናዚዎች «የጦርነት ጊዜ የክረምት ርዳታ» ላሉት ድርጅታቸው ነበር። ቫልሱ በራሱ ወንጀለኛ አይደለም፤ የተጻፈውም ናዚዎች ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ነገር ግን ውብ ነገር ሁሉ አስቀያሚውን ነገር መጋረድ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስተምራል። ኦርኬስትራው ራሱ በ2013 በዚያ ዘመን የነበረውን ታሪኩን የታሪክ ሊቃውንት ያጠኑትን ይፋ አድርጓል። ባለቤቱ ጓዳውን ከከፈተ በኋላ እንግዳው በሳሎን ተቀምጦ «ምንም አላየሁም» ቢል ጨዋነት ሳይሆን ስንፍና ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጨዋነት የሚመነጭ ስለሆነ ይከብዳል። «እንግዳ የሰው ገበና አይገልጥም። ወዳጅህ ከብርድ አስጥሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሲያስተናግድህ የከተማውን ጉድ አሳየኝ ማለት ነውር ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል የአንድን ሰው ቤት በሚመለከት ፍጹም ትክክል ነው። ከተማ ግን የአንድ ሰው ቤት አይደለም። የከተማ ጓዳ የሚባለው ብዙኃኑ የሚኖርበት፣ የሚሠራበት፣ የሚታመምበትና የሚሞትበት ስፍራ ነው። እርሱን መደበቅ የድኻውን ገበና መሸፈን አይደለም፤ ድኻው ገበናው እንዲሸፈንለት የለመነው የለም። የሚሸፈነው ድኻውን በዚያ ያስቀመጠው ክፍል ገበና ነው።

ደግሞም የአገር ቤቱን ልማድ በትክክል ለሚያጤነው፣ ልማዱ የሚደግፈው ይህን ተቃውሞ አይደለም። በሳሎን የሚስተናገድ ሰው ማን ነው? እንግዳ ነው። ጓዳ ድረስ የሚዘልቀውስ? ቤተኛ ነው። ወዳጁን ሳምንት ሙሉ በቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲያዞር የሰነበተ ሰው፣ ሳያውቀው፣ ወዳጁን እስከ መጨረሻው እንግዳ አድርጎት ሸኘው ማለት ነው። ቤተኛ ሊያደርገው ቢፈልግ ኖሮ የሚሠራበትን ፋብሪካ፣ የኪራይ ወረቀቱን፣ በክረምት የሚያስጨንቀውን የማሞቂያ ሒሳብ ባሳየው ነበር። ወዳጅነት የሚፈተነው በዚህ ነው።

ከአፍሪካ ለሚሄድ ጎብኚ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይጠልቃል። እርሱ ቪየናን ሊያይ ከመሄዱ ብዙ ዘመን በፊት ቪየና አፍሪካዊውን አይታዋለች፤ እንዴት አድርጋ እንዳየችው ማወቅ ግዴታው ነው። አንጌሎ ሶሊማን በልጅነቱ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰደ፣ በኋላም በሊኽተንሽታይን መሳፍንት ቤት ያገለገለ፣ ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ በከተማው ሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። በኅዳር 1796 ሞተ። ሲሞት ግን ክብሩ አብሮት ተገፈፈ። ቆዳው ተገፎ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጠረ፤ በሕይወቱ ሳለ የአውሮፓ ጨዋ ልብስ ይለብስ የነበረው ሰው ላባና የዛጎል ሐብል ተደርጎለት በንጉሠ ነገሥቱ የተፈጥሮ ስብስብ ውስጥ ከአራዊት ጋር ለእይታ ቆመ። ልጁ ዮዜፊን የአባቷ አስከሬን ለቀብር እንዲሰጣት ለመነች፤ የሰማት አልነበረም። የሶሊማን ቆዳ በ1848ቱ ሕዝባዊ ዐመፅ ጊዜ በእሳት እስኪጠፋ ድረስ አንድም ቀን መቃብር አላገኘም።

ይህ የጥንት ዘመን አረመኔነት ነው ብሎ ለማለፍ የሚፈልግ ቢኖር፣ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1896 የሆነውን ይመልከት። በፕራተር መናፈሻ በነበረው የእንስሳት መካን ውስጥ ከወርቅ ጠረፍ፣ ከዛሬዋ ጋና፣ የመጡ የአሻንቲ ሰዎች «መንደር» ተሠርቶላቸው እንዲታዩ ተደረገ፤ የከተማው ሰው በቲኬት እየገባ ተመለከታቸው። ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን አይቀርም በቅጡ ያፈረው፤ ደራሲው ፔተር አልተንበርግ። እርሱም በ1897 ባሳተመው መጽሐፉ የታዩትን ሳይሆን የሚያዩትን ተቸ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለጎብኚ ሁሉ የሚሆን ትምህርት አለ። ማየት በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ የታየው ሰው መልሶ የመናገር ዕድል ከሌለው ግን ማየት ግፍ ይሆናል። ዛሬ ካሜራ አንግቶ በየአደባባዩ የሚዞረው እንግዳ፣ ከቆሸሸ ብርድ ልብሱ ሥር የተኮራመተውን ለማኝ «የክረምት ትዕይንት» አድርጎ ሲያነሣው፣ ያንኑ የፕራተር ቲኬት እንደ ቆረጠ ይወቅ። ወደ ጓዳ ግባ ማለት ጓዳውን ትርዒት አድርግ ማለት አይደለም።

በዚያው በፕራተር በ1897 የተተከለው ታላቁ ተሽከርካሪ መንኰራኵር እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ቁመቱ ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። ጎብኚ ሁሉ ይሳፈርበታል። በ1949 የወጣው፣ ግራሃም ግሪን የጻፈውና ካሮል ሪድ ያዘጋጀው «ሦስተኛው ሰው» የተባለው ፊልም ይህን መንኰራኵር ዝነኛ አድርጎታል። በፊልሙ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ በአራት ኃያላን በተከፋፈለው ከተማ የተበረዘ ፔኒሲሊን እየሸጠ ሕፃናትን የሚያስጨርስ ነጋዴ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል፤ በምድር የሚሄዱት ሰዎችም በዐይኑ ነጠብጣብ ብቻ ይሆኑበታል፤ ነጠብጣብን ማጥፋትም አይከብደውም። ደራሲው ያንን ንግግር ያስቀመጠው በመንኰራኵሩ ጫፍ ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ከላይ ብቻ የሚያይ ዐይን ወዴት እንደሚያደርስ ሊያሳይ ነው። የካቴድራሉን 343 ደረጃዎች ወጥቶ የከተማውን ጣሪያዎች የተመለከተ ጎብኚም እንዲሁ ልብ ይበል። ጣሪያ አይቷል፤ ከጣሪያው በታች ያለውን አላየም።

ታዲያ ቪየና ለክረምቱ ጥያቄ መልስ ያላገኘ ከተማ ነውን? አይደለም፤ ክርክሩ እውነተኛ ፍሬውን የሚያፈራውም በዚህ ላይ ነው። ወዳጅ እንግዳውን ሊያሳየው ይገባው የነበረ፣ ከቤተ መንግሥቶቹ ሁሉ የበለጠ ሕንፃ በከተማው ሰሜናዊ ጠርዝ አለ። የምድር ውስጥ ባቡር አራተኛው መስመር መጨረሻ በሆነው በሃይሊገንሽታት ጣቢያ ወርዶ መንገዱን የተሻገረ ሰው፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ፣ እንደ ምሽግ የገዘፈ፣ ታላላቅ ቅስት በሮች ያሉት ሕንፃ ፊቱ ይቆማል። ካርል ማርክስ ሆፍ ይባላል። አርክቴክቱ ካርል ኤን ነው፤ ከ1927 እስከ 1930 ተሠራ፤ 1,382 መኖሪያዎች ነበሩት፤ ለ5,000 ያህል ሰዎች የታሰበ ነበር።

የዚህ ሕንፃ ታላቅነት በርዝመቱ አይደለም። ከ1919 እስከ 1934 ሶሻል ዴሞክራቶች ያስተዳደሩት የከተማው ምክር ቤት ያቀደው ይህን ነበር፤ ከእንግዲህ ሠራተኛው በመተላለፊያ ላይ ለውኃ አይሰለፍ፤ አልጋ በሰዓት አይከራይ። በእያንዳንዱ መኖሪያ ውስጥ ውኃና መጸዳጃ ገባ፤ በግቢው ውስጥ የልብስ ማጠቢያ፣ መታጠቢያ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍትና ክሊኒክ ተሠራ፤ አብዛኛው መሬትም ለአትክልትና ለልጆች መጫወቻ ተተወ። ገንዘቡ ከየት መጣ? የፋይናንስ ኃላፊው ሁጎ ብራይትነር በ1923 ባስጀመረው የቤት ሥራ ግብር ሰፊና ቅንጡ ቤት ያለው ብዙ እንዲከፍል፣ ጠባብ ክፍል ያለው ጥቂት እንዲከፍል ተደረገ፤ በሻምፓኝ፣ በመኪና፣ በቤት አገልጋዮች ብዛት ላይም ግብር ተጣለ። በዚህ መንገድ እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ መኖሪያዎች ተሠሩ። የሪንግሽትራሰን ጡብ ያበጁት ሰዎች ልጆች በመጨረሻ በራቸውን አገኙ።

ያ በር ምን ዋጋ እንዳስከፈለም መነገር አለበት። በየካቲት 12 ቀን 1934፣ በክረምቱ እምብርት፣ በቻንስለር ኤንገልበርት ዶልፉስ መንግሥትና መሣሪያ በታጠቁ ሠራተኞች መካከል ውጊያ ተነሣ። የመንግሥቱ ጦር ካርል ማርክስ ሆፍንና ሌሎችንም የሠራተኛ መኖሪያዎች በመድፍ ደበደበ፤ በአገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የከተማው ከንቲባ ካርል ዛይትስ ታሰረ፤ ፓርቲው ታገደ። ክፉኛ የቆሰለው ካርል ሙኒሽራይተር በቃሬዛ ተይዞ ወደ ስቅላት ተወሰደ። የሕንፃው ስም እንኳ ተነሥቶ እስከ 1945 ድረስ በሌላ ስም ተጠራ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በመድፍ የተደበደበው ሰዎች «የት ትገባለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኙበት ቤት ነበር። ዛሬ በሕንፃው ፊት ያለው አደባባይ «የየካቲት 12 አደባባይ» ይባላል፤ ከአሮጌዎቹ የልብስ ማጠቢያዎች በአንዱም ይህን ታሪክ የሚያስረዳ ቋሚ ትርኢት አለ።

ምናልባት ተጠራጣሪ አንባቢ «ይህስ አንዱን ጣዖት አንሥቶ ሌላ መትከል አይደለምን?» ይል ይሆናል። ካርል ማርክስ ሆፍን ሄዶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ቢመለስ በእርግጥ ጣዖት ነው። እዚያም ጓዳ አለና መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተማው ዛሬም ወደ 220,000 የሚጠጉ መኖሪያዎች ያከራያል፤ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በማዘጋጃ ቤቱ ወይም በመንግሥት ድጎማ በተሠራ ቤት ይኖራል። ይህ በአውሮፓ ብርቅ የሆነ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አዲስ መጤ ሠራተኛ በዚህ መዝገብ ለመግባት አስቀድሞ ለዓመታት በከተማው መኖር አለበት፤ እስከዚያ ድረስ በግል አከራዮች እጅ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ስደተኞች በሩ የተከፈተላቸው በ2006 ነው፤ እርሱም ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች። ስለዚህ የቆየው ጥያቄ አልተዘጋም፤ የሚጠየቀው ሰው ተለወጠ እንጂ። የትናንቱ የጡብ ሠሪ ቼክ ነበር፤ ዛሬ መንገዱን የሚጠርገው፣ ሽማግሌውን የሚያስታምመው፣ በሌሊት በረዶ ውስጥ በብስክሌት ምግብ የሚያደርሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው። እውነተኛ ጎብኚ የትናንቱን ጀግና አወድሶ የዛሬውን ሠራተኛ አያልፍም።

የኪነጥበብ ሰው ኃላፊነት ከዚህ ሁሉ የሚለይ አይደለም። የቪየና ምርጥ ደራስያን የከተማቸውን ሳሎን አላሞገሱም። በመጋቢት 15 ቀን 1938 ሂትለር በሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ቆሞ በጀግኖች አደባባይ ለታጨቀው ሕዝብ ተናገረ፤ ሕዝቡም በእልልታ ተቀበለው። ከጦርነቱ በኋላ ከተማው ይህን እልልታ ለመርሳት ብዙ ደከመ። በ1988 ግን ቶማስ በርንሃርድ የአደባባዩን ስም ርእስ አድርጎ የጻፈው ተውኔት በዚያው በሪንግሽትራሰ ቴአትር ቤት ታየ። በተውኔቱ ውስጥ ያለችው አንዲት መበለት ከሃምሳ ዓመት በኋላም የዚያን ቀን ጩኸት በጆሮዋ ትሰማለች። ጋዜጦች ተንጫጩ፤ ፖለቲከኞች አወገዙ፤ «ገበናችንን አወጣ» ተባለ። ተውኔቱ ግን ታየ፤ ከተማውም አልፈረሰ። ይሉኝታን የጣሰ ጥበብ ከተማውን አልሰደበውም፤ ከሳሎን አውጥቶ ቤተኛ አደረገው እንጂ።

እንግዲህ ከክረምት ጉብኝት ተመልሶ ብዕሩን የሚያነሣ መምህር፣ ካድሬም ሆነ ሠዓሊ «ምን ያህል አማረ?» ከማለቱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ለራሱ ያቅርብ። ይህን ማን ሠራው? የሠራውስ ማታ የት ያድር ነበር? ግብሩን ማን ከፈለ? ብርዱ ሲጠና በሩን የሚዘጋ ማን ነው፣ በር የሚዘጋበትስ ማን ነው? ወዳጁም በበኩሉ እንግዳው ሲመጣ የሚያሳየውን መንገድ ያስፋ፤ ከቤተ መንግሥቱ በኋላ የሚኖርበትን ሠፈር፣ ከኦፔራው በኋላ የሚሠራበትን ቦታ ያሳየው። ይህ ሥርዓት የሚጸናውም በውጭ አገር ብቻ አይደለም። እንግዳ በሚያልፍበት ጎዳና ያለው አጥር ብቻ ቀለም በሚቀባበት በየትኛውም አገር፣ ሳሎንን አሳይቶ ጓዳን መዝጋት እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት በየትኛውም ከተማ፣ ጥያቄው ያው ነው።

በረዶ ነጭ ነው፤ ጥራጊውንም እብነ በረዱንም እኩል ይሸፍናል። ሲቀልጥ ሁለቱም በየቦታቸው ይገኛሉ። የጸሐፊ ሥራ በረዶው እስኪቀልጥ መጠበቅ አይደለም፤ ጠርጎ ማየት ነው።